ትርንጎ ድንጋይ ተሸክማ የተማረችበት በልግ

ባለፈው ሚያዝያ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ስሄድ ሚኒባሳችን ዳንግላን አልፎ ጥቂት እንደተጓዘ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። በስተቀኝ ካለው የታረሰ ማሳ ላይ ቀይ አቧራ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ እየተሽከረከረ ወደ አስፋልቱ ይመጣል። “መስኮት ዝጉ” አለ ረዳቱ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው አማተቡ። የኔ መስኮት ተጣብቆ አልንቀሳቀስ አለኝ። ነፋሱ መኪናውን ከጎን ገፋ አድርጎ ሲያልፍ ፊቴ ላይ አፈርና ገለባ በተነብኝ። የጋለ አፈር፣ የደረቀ ጭድና የከሰል ትቢያ አንድ ላይ ሸተተኝ። አሸዋው ጥርሴ መሐል ሲንቋቋ አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት መጣብኝ።

አገራችን ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ሁሉ ማሳውን ዲከረንስ እየተከለበት ነበር። ዲከረንስ ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ነው፤ በጥቂት ዓመት ይቆረጥና እዚያው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ከሰል ይሆናል። ትምህርት ቤታችንን በሦስት በኩል የከበበው ይኸው ዛፍ ነበር። በአራተኛው በኩል የታረሰ ሜዳ ነው።

አባታችን በዚያ ዓመት ጫግኒ ነበር። እህል መጋዘን ውስጥ እየጫነና እያወረደ ይሠራል፤ በወር አንዴ ይመጣል። እናታችን እኔንና ታናሼን ትርንጎን ይዛ ቀርታለች። ትርንጎ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ከተወለደች ጀምሮ ሥጋ የሚባል ያልቆመላት፣ አንገቷ ሸምበቆ የመሰለ ልጅ ነበረች። ጎረቤቶቻችን እናቴን ሲያገኟት፣ “ይቺን ልጅ ነፋስ እንዳይወስድብሽ ያዢያት” ይሏታል። እናቴ ትስቃለች። እኔ ግን ቀልድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ነፋስ ልጅ እንደሚወስድ፣ አዋቂዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ስለሚፈሩ ግን እየሳቁ እንደሚያወሩት ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት ሲገባ ከእኩለ ቀን በኋላ በዚያ በታረሰው ሜዳ ላይ አውሎ ነፋስ ይነሣል። መጀመሪያ ጥቂት ገለባ መሬት ለመሬት ይሯሯጣል፤ ከዚያ ብድግ ይልና ከዛፍ በላይ ይሆናል። እኛ ልጆች ውስጡ ጋኔን አለ እንል ነበር፤ ሰርግ የሚሄድ ጋኔን። ሦስት ጊዜ እንትፍ ብለን፣ ጣታችንን በመስቀል ቅርጽ አጣምረን እንቆማለን። ሲያልፍ ጋኔኑን ያባረርነው እኛ ነን።

አንድ ቀን ግን አልተባረረም። ጣታችንን አጣምረን በቆምንበት ግቢያችን ገባና የክፍላችንን መስኮት በርግዶ፣ ከጠረጴዛው ላይ የስም መጥሪያውን ወረቀት ይዞ ወጣ። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ እየተገለባበጡ ወደ ሰማይ ሲወጡ ሁላችንም አንጋጠን አየን። ስማችን ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ ጋኔኑ ስማችንን ወሰደ ብላ።

አስተማሪያችን ቲቸር አይናለም ከደብረ ማርቆስ የመጣች ናት፤ ማስተማር ከጀመረች የመጀመሪያ ዓመቷ ነበር። አዊኛ አትችልም፤ እኛ ደግሞ ስንደናገጥ የምንናገረው በአዊኛ ነበር። ምን እንደሚያስለቅሰን ተተርጉሞ ሲነገራት አልሳቀችም። በማግሥቱ ከታች የተበሳ የቀለም ባልዲ ይዛ መጣች። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፋ ውኃ ሞላችበትና ከላይ ጭድ በተነችበት።

“ዙሪያውን ቁሙ” አለችን። “ፀሐይ የታረሰውን መሬት ታግለዋለች፤ ሣር ያለበት ግን እንደዚያ አይግልም። በጋለው መሬት ላይ ያለው አየር ይሞቃል። አየር ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲቀል ወደ ላይ ይወጣል። የወጣበት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ የዙሪያው አየር ሊሞላው ይሮጣል። ከዚህም ከዚያም ተጋፍቶ ሲመጣ ቀጥ ብሎ መግባት ያቅተዋል። አሁን እዩ።”

ጨርቁን ሳበችው። ውኃው በቀዳዳው መውረድ ጀመረ፤ ጭዱም ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ በመሐሉ ባለው ጉድጓድ ዙሪያ ይሾር ጀመር። “ውኃው ወደ ታች ነው፣ አየሩ ደግሞ ወደ ላይ። ሌላው አንድ ነው” አለች።

ከኋላ አንድ ልጅ “ቲቸር፣ ሰው ይወስዳል?” አለ። የኔን ጥያቄ ነው የጠየቀልኝ።

“ይሄ አቧራ የሚያነሣው አይወስድም። ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ዞር በሉለት፣ ያልፋል። ሌላ ግን አለ፤ ከመሬት የሚነሣ ሳይሆን ከደመና የሚወርድ። ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከላይ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ሲገናኙ ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ይቆማል። የላዩ ነፋስና የታቹ ነፋስ በየፊናቸው ከነፈሱ፣ መሐል ያለው አየር እንደ እንዝርት ይሾራል። ያ እንዝርት ወርዶ መሬት ከነካ ቤት ያፈርሳል፣ ዛፍ ይነቅላል፣ ሰውም ሊያነሣ ይችላል። እኛ አገር እምብዛም ነው፤ አትፍሩ።”

ሌሎቹ የሰሙት “አትፍሩ” የሚለውን ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር፤ የቀለለ ነገር ወደ ላይ ይወጣል። ከቤታችን ደግሞ ከትርንጎ የሚቀል ነገር የለም።

ማታ ለእናቴ ነፋሱ ውስጥ ጋኔን እንደሌለ ነገርኳት። “ቲቸርሽ ከተማረችው ትናገር” አለች እናቴ። “እኔም ከእናቴ የተማርኩትን አማትባለሁ። ሁለቱም አይጎዳሽ።”

በሚቀጥለው ጠዋት ወንዝ ወርጄ አምስት ድንጋይ መረጥኩና ትርንጎ ቦርሳ ውስጥ ከደብተሯ ሥር ከተትኩ። ቦርሳዋ እናቴ ከማዳበሪያ ጆንያ የሰፋችው ነው።

“ይሄ ለምንድን ነው?” አለችኝ ትርንጎ።

“ቀላል እንዳትሆኚ።”

“ከቀለልኩስ?”

“ከቀለልሽ ትሄጃለሽ። ከትከሻሽ እንዳታወርጂው። ሽንት ቤት ስትሄጂም ቢሆን።”

ሌላ አልጠየቀችም። ታላቋ ነበርኩ፤ ያልኳትን ታምናለች። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አንዱ ድንጋይ አስቀያሚ ነው ብላ በነጭ ድንጋይ እንድለውጥላት ጠየቀችኝ፤ ለወጥኩላት። እናቴ በአንድ ወር ውስጥ የቦርሳውን ማንገቻ ሁለት ጊዜ መልሳ ሰፋች። “አንደኛ ክፍል ምን ያህል ደብተር ነው የሚያሸክማችሁ?” አለች። ትርንጎ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አያ ተሻለ ይባሉ ነበር። በጉልምስናቸው ዳንግላ ጋሪ ይነዱ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ አገራቸው ተመልሰው ዘበኛ ሆኑ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ ለፈረስ የኖረ ድምፅ። ከዳሱ ጀርባ ረዥም ቦይ ሲቆፍሩ ከርመዋል። ዳስ የምለው የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚማሩበትን ነው፤ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ የተጣለበት፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ብቻ የሆነ። ቦዩ ለክረምት ጎርፍ ነው ይሉናል።

ቲቸር አይናለም ባልዲውን ባመጣች ቀን አያ ተሻለ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ነበር። ሁላችንም ከወጣን በኋላ ገቡና፣ “ልጄ፣ ያልሽው ልክ ነው” አሏት። “ከደመና የሚወርደውን እኔ አይቼዋለሁ።”

ተመልሰን በሩን ሞላነው። እሳቸውም ነገሩን። ከዳንግላ ወጣ ብለው ጋሪያቸውን ጭነው ሲመለሱ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። በረዶ ወረደ፤ ከዚያ በድንገት ቀጥ አለ፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ፈረሳቸው መሄድ እምቢ አለ። ዘወር ቢሉ ከደመናው ጅራፍ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል።

“ፈረሱን ፈትቼ ለቀቅኩት። ጋሪው ሥር ልግባ ወይ ብዬ ነበር፤ አልገባሁም። ከመንገዱ ዳር ቦይ ነበር፣ እሱ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። እጄን ማጅራቴ ላይ እንዲህ አድርጌ። በላዬ አለፈ። ቀና ስል ጋሪው የለም። ማሳ ተሻግሮ ተገልብጦ አገኘሁት፤ አንዱ ጎማ ዛፍ ላይ ነበር። ፈረሱ ከኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል።”

“ዛፍ ሥር ለምን አልሄዱም?” አልኳቸው።

“ዛፉ ራሱ መጠጊያ የሚፈልግ ነው የኔ ልጅ። ነፋስ ሲመጣ ቁመት ጠላት ነው። ጠንካራ ግድግዳ ያለው ቤት ካገኘሽ ግቢ፣ ከመስኮት ራቂ፣ ጠንካራ ነገር ሥር ተቀመጪ። ቤት ከሌለ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጊ። በብዛት የሚገድለው ነፋሱ ራሱ አይደለም፤ ይዞት የሚመጣው ቆርቆሮና እንጨት ነው።”

ቲቸር አይናለም ይህንኑ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በአዊኛ እንዲነግሩላት ለመነቻቸው። አያ ተሻለም ሕፃናቱን ወደ ቦዩ ወስደው አስተኟቸው። ለሕፃናቱ ጨዋታ ነበር። አንዱ ሲስቅ፣ አንዱ ቀና ሲል ተቆጡና አንድ ሕግ አወጡ። “እኔ ስጠራችሁ ካልሆነ ማንም አይነሣም። እናቱ ብትጠራው፣ መምህሩ ቢጠራው አይነሣም። ነፋስ አለፍኩ ብሎ ይመለሳል።”

ትርንጎ ጨዋታውን ቤት ይዛው መጣች። ደጃፍ ላይ በሆዷ ተኝታ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ እናቴ እራት ብትላት አትነሣም። እናቴ ተቆጣች፤ እሷ እንዳለች ናት። በመጨረሻ እኔ ድምፄን አጎርንኜ የአያ ተሻለን አነጋገር አስመስዬ ስጠራት ተነሥታ ቂጣዋን በላች።

ግንቦት ገባ። ያ ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ከባድ ነበር፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም፣ ዝንብ ፊታችን ላይ ተጣብቆ አልለቅ ይላል። አያ ተሻለ በተደጋጋሚ ከበሩ ወጥተው ወደ ጫግኒ በኩል ወዳለው ሰማይ ያያሉ። በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደመናው መጣ። እንዲህ ያለ ጥቁር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከሥሩ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ይታይበት ነበር። በረዶው በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቲቸር አይናለም አፏን ስታንቀሳቅስ እንጂ ድምፅዋ አይሰማንም። ከዚያ በረዶው በአንዴ ቆመ።

ዝምታው ውስጥ የአያ ተሻለ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። “ሕፃናቱን ወደ ቦዩ። ከዳሱ አውጧቸው” ይላሉ። ቲቸር አይናለም ወደ መስኮቱ ሄዳ አንዴ ብቻ ተመለከተች። እኔም ከኋላዋ አየሁ። ከሜዳው ማዶ፣ ከደመናው ሥር፣ አንድ ወፍራም ነገር ወደ መሬት ወርዷል፤ ሥሩ በአቧራ ተሸፍኗል። ድምፁ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ ዳገት ሲወጣ የሚመስል ነበር።

“ከመስኮት ራቁ። ሁላችሁም ወደዚህ ግድግዳ፣ ዴስክ ሥር ግቡ። የዴስኩን እግር ያዙ” አለች። ሁላችንም እስክንገባ ቆማ ጠበቀች።

ዴስክ ሥር ሆኜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ አምስት ድንጋይ ይበቃ ይሆን?

ጆሮዬ ተደፈነ። መስኮቱ ረገፈ። ከላያችን ሚስማር ከእንጨት ሲነቀል የሚወጣው ጩኸት በተከታታይ ተሰማ፤ ከዚያ ክፍሉ በአንዴ ብርሃን ሆነ። ጣሪያው ሄዷል። አፈር፣ ቅጠልና ውኃ በላያችን ወረደ። የዴስኩ እግር እጄ ውስጥ ይርገበገባል፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ቀሚሴን በጥርሷ ይዛለች። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ቲቸር አይናለም በኋላ ስትናገር እስከ መቶ የሚያስቆጥር አልነበረም አለች።

ከዚያ ተራ ዝናብ ዘነበብን፣ እንደማንኛውም ዝናብ።

ስንወጣ ግቢው ሌላ ቦታ ሆኗል። ዳሱ የለም። የቆርቆሮው ግማሽ ሜዳው ላይ እንደ ወረቀት ተጨማድዷል፤ አንዱ የባንዲራ መስቀያው ላይ ተጠምጥሟል። የተሰበረ ዲከረንስ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። ከቦዩ ውስጥ ግን ሕፃናቱ አንድ በአንድ ጭቃ እንደለበሱ ተነሡ። አያ ተሻለ ከዳር በሆዳቸው ተኝተው የሁለት ሕፃናት ራስ በደረታቸው ከልለዋል። በራሪ ቆርቆሮ ክንዳቸውን ከክርን እስከ አንጓ ሰንጥቆታል። “ተነሡ፣ አልፏል” ብለው ሕፃናቱን ካስነሡ በኋላ ራሳቸው መነሣት አቃታቸው። ቲቸር አይናለም በሻሿ ክንዳቸውን አሰረች፤ ሁለት መምህራን ደግፈው ወደ ጤና ኬላው ወሰዷቸው።

የአንደኛ ክፍል መምህር ሕፃናቱን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ እኔን አየኝና ፊቱን አዞረ።

ትርንጎ የለችም። ደመናው ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ወጥታ ነበር። ሽንት ቤቱ በዲከረንሱ ዳር ነው። ሮጠን ስንሄድ ሽንት ቤቱ በጎኑ ወድቋል፤ ውስጡ ሰው የለም። ዛፎቹ እንደ ተበጠረ ጠጉር ወድቀዋል፤ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን አይደለም፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፣ አንዳንዱም እንደ ገመድ ተጠምዝዟል። ከወደቀው ግንድ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ ቦርሳ አገኘሁ። ከፈትኩት። አምስቱም ድንጋይ አሉ፤ ነጩም አለ።

ድንጋዩ ቀርቶ እሷ ሄዳለች። ቦርሳውን እንደያዝኩ ወደ ሰማይ አየሁ።  የምትወርድበትን ቦታ ነበር የምፈልገው።

እናቴ በዝናቡ ውስጥ ባዶ እግሯን ሮጣ መጣች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። “ትርንጎ” እያለ ሰው ሁሉ ይጣራል፤ እናቴ ትጣራለች፣ ቲቸር አይናለም ትጣራለች፣ ወንዶቹ በመጥረቢያ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ይጣራሉ። መልስ የለም። እናቴ ድምፅዋ ተዘግቶ በሹክሹክታ መጥራት ስትጀምር፣ ያቺ ሹክሹክታ ከነፋሱ ይልቅ አስፈራችኝ።

ደጃፋችን ላይ በሆዷ ተኝታ እራት እምቢ ያለችበት ምሽት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ድምፄን አጎርንኜ እንደዚያ ቀን ለመጥራት ሞከርኩ። እያለቀስኩ ስለነበር የወጣው የኔው ቀጭን ድምፅ ነው። ለማንም ሳልናገር ወደ ጤና ኬላው ሮጥኩ። አያ ተሻለ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብለው ክንዳቸው ይሰፋል። ስለ ትርንጎ አልነገሯቸውም ነበር፤ እንዳይደናገጡ ብለው።

“አያ ተሻለ” አልኳቸው፣ “ትርንጎ እርስዎ ካልጠሯት አትነሣም።”

የምትሰፋቸውን ጤና ባለሙያ፣ “ልጄ፣ ቶሎ ቋጪው” አሏት። ክሩ እንደተቆረጠ ትከሻዬን ተደግፈው ወጡ። መንገዱን ሁሉ አተነፋፈሳቸው ብቻ ይሰማኝ ነበር።

ዲከረንሱ ዳር ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው ሰዉን ዝም አሰኙት። መጥረቢያውም ቆመ። አንገታቸውን አቅንተው በዚያ ሻካራ ድምፅ በአዊኛ፣ “በቃ፣ ነፋሱ ሄዷል፤ ተነሥተሽ ወደኔ ነዪ” አሉ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ከፊታችን ሃያ እርምጃ የማይሞላ ቦታ፣ ከተጋደመ ዛፍ ሥር፣ ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጥቁር እጅ ወጣ። ሌላ እጅ ወጣ። ትርንጎ ከአሮጌ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ብቅ አለች፤ ከእግር እስከ ራሷ ጠቁራ ዓይኗና ጥርሷ ብቻ ይታያል።

“ሁሉም ሲጠሩኝ አልተነሣሁም” አለች ለአያ ተሻለ።

“አየሁ” አሏት። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ በደህናው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እናቴ ትርንጎን አቅፋ ስትነሣ ነጠላዋ፣ ፊቷ፣ አንገቷ ሁሉ ከሰል ሆነ። ሰው እየመጣ ትርንጎን ይነካል፤ የነካት ሁሉ ጠቁሮ ይመለሳል። እልል ያለች ሴትም አለች፤ የሳቁም አሉ። ቲቸር አይናለም ከዛፍ ጋር ተጣብቃ ቆማ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው አሁን ገና ነው።

የትርንጎን ነገር ከራሷ የሰማነው ኋላ ነው። ከሽንት ቤቱ ስትወጣ ድምፁን ሰማች። ወደ ቦዩ ልትሮጥ ስትል ቦርሳው ከበዳት፤ ወደቀች። ተነሥታ ደግሞ ወደቀች። ከዚያ ቦርሳውን ጣለችውና በቅርብ ያየችው ጉድጓድ ውስጥ በሆዷ ተኛች። ዛፉ በላይዋ ሲወድቅ ጉድጓዱን ከደነው እንጂ አልነካትም።

እናቴ ቦርሳውን ገልብጣ ድንጋዮቹን አፈሰሰቻቸው። “ይሄ ምንድን ነው?”

ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ባልዲውንም፣ ጭዱንም፣ የጎረቤቶቹንም ንግግር። ሊገድላት የነበረው የኔ ድንጋይ መሆኑንም ተናገርኩ። እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወደ አያ ተሻለ ዞር አለች፤ እሳቸው ይመልሱ እንደማለት።

“ባንቺአምላክ” አሉኝ፣ ሙሉ ስሜን ጠርተው። “ጋሪዬ ከነጭነቱ ስንት ሰው ቢሆን ይሸከመዋል? አሥርም አይሸከመው። ነፋሱ ግን ማሳ አሻገረው። ነፋስን በክብደት አይመልሱትም፤ ዝቅ ብለው ያሳልፉታል። አንቺ ያላወቅሽው እሱን ብቻ ነው። እኔን መጥራት እንዳለብሽ ግን ማንም ሳይነግርሽ አወቅሽ።”

ቲቸር አይናለም ፊቷን ጠርጋ ጨመረችበት። “እኔም በደንብ አልነገርኳችሁም። አየር ይቀላል አልኩ እንጂ ልጅ ይቀላል አላልኩም፤ ግን እንደዚያ ሊሰማ እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ።” አንድ አስተማሪ ለልጅ እንዲህ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ቀን በቀበሌያችን አሥራ ምናምን ቤት ጣሪያ አጥቷል፤ ሁለት ላሞች በወደቀ ዛፍ ሞተዋል፤ የአንድ ጎረቤታችን እግር ተሰብሯል። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ደጋግመው ሲናገሩ፣ ራሳቸውንም እያሳመኑ ይመስሉ ነበር።

ከመምሸቱ በፊት እናቴ ትርንጎን ደጃፍ ላይ አጠበቻት። ውኃው ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤ ሦስት ጊዜም ጠቆረ። በአራተኛው እናቴ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ መቆም አቃታት። ትርንጎ ምን እንደሚያስቃት ሳታውቅ አብራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጣሪያችን በአንድ ጥግ ተከፍቶ ሰማይ ይታየናል፤ ዝናቡ ያንጠባጥባል፤ እኛ ግን ባልዲ ደቅነን እንስቃለን።

ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ለአባታችን መደወል አልተቻለም። ወሬው ግን ያለ ኔትወርክም ጫግኒ ገብቶ ነበር፤ ወሬ መንገድ ላይ እንደሚያድገው አድጎ ነው የገባው። “የልጆችህን ትምህርት ቤት ነፋስ ጠርጎ ወሰደው” ብለውታል። አባቴ ጠዋት ያገኘው መኪና እስከ እንጅባራ አደረሰው፤ ከዚያ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያ በእግሩ።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ እኔና ትርንጎ ደጃፍ ላይ ቆሎ ስንበላ በአጥሩ በር ገባ። ትከሻው ላይ የእህል ትቢያ እንዳለ ነው፤ ልብስ እንኳ አልለወጠም። በሩ ላይ ቆመ። እኔን አየ፣ ትርንጎን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። እናቴ ከውስጥ ድምፁን ሳትሰማ መምጣቱን እንዴት እንዳወቀች አላውቅም፤ እሷም ወጥታ ቆመች።

“ደብተራችሁ ረጠበ እንዴ?” አለን።

“የኔ ረጥቧል” አለች ትርንጎ።

“ይደርቃል” አለ አባቴ።

ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። የጫማው ክር ጭቃ ጠጥቶ ጠንክሯል። አንዴ ሞከረ፤ ሁለቴ ሞከረ። ኩንታል ሲሸከሙ የሚውሉት እነዚያ እጆች ትንሽ ቋጠሮ መፍታት አቅቷቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ከፊቱ ተንበርክኬ እጁን ቀስ ብዬ ወደ ጎን አደረግኩትና ክሩን እኔ ፈታሁለት።